ባሕር በመስታወት ሣጥን ውስጥ



ባለፈው ሳምንት በባዮሎጂ ትምህርት ሰዓት አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «ቲቸር፣ በኮራል መሐል የሚዋኘው ያ ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ጎንደር ላይ መኖር ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሣቁበት። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች፣ ከምጽዋ ጠረፍ በአየር መስመር ቢለካ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ የሚፈላባት የደጋ ከተማ ናት። አገራችንም ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነችበት ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ባሕርን በዓይኑ ያየ ተማሪ በክፍሌ ውስጥ አንድም ባይገኝ አይደንቅም።

መልሴ «ይችላል» የሚል ነበር፤ ነገር ግን በአንድ ውል። ዓሣ አኖራለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው በእውነቱ የሚያኖረው ዓሣውን ሳይሆን ውኃውን ነው። ውኃው ደኅና ከሆነ ዓሣው ራሱን ያኖራል፤ ውኃው ከታመመ ግን ዓሣውን በወርቅ ሳህን ቢያበሉትም አይድንም። የሰዓቱ ደወል ስለ ደረሰብኝ ለክፍሉ ያልጨረስሁትን ለእርስዎ ልንገርዎ።

አኳሪየም የሚባለው የመስታወት ሣጥን አዲስ ነገር አይደለም። ለሕዝብ መታያ የሆነው የመጀመሪያው የዓሣ ቤት በለንደን የአራዊት መናፈሻ የተከፈተው በ1853 ነው፤ ስሙንም ያስለመደው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ይኸው ሰው በማግሥቱ ዓመት የባሕር ውኃን በቤት ውስጥ ቀምሞ መሥራት እንደሚቻል ጽፏል። ከባሕር ርቆ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ በዚህ ነገር የጎስ ባለ ዕዳ ነን።

«ጨውማ ሞልቷል፤ ቅመም ምን ያስፈልጋል?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አገራችን በጨው አትታማም። የአፋር አሞሌ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ የደጋውን ወጥ ሁሉ ሲያጣፍጥ ኖሯል፤ ገንዘብም ሆኖ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ሰዎች ተገበያይተውበታል። ደግሞም አሞሌ የባሕር ልጅ ነው። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅተኛ ሥፍራ ገብቶ፣ መግቢያው ከተዘጋ በኋላ ፀሐይ ውኃውን ስትወስደው የቀረ ጨው ነው። እንግዲህ ከባሕር የወጣውን ጨው መልሶ በውኃ ቢበጠብጡት ባሕር አይሆንምን?

አይሆንም። አንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውኃ 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው አለው፤ የቀይ ባሕር ውኃ ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ ወደ 40 ይጠጋል። ከ35ቱ ግራም 27 ያህሉ እኛ በወጥ ላይ የምንነሰንሰው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የቀሩት 8 ግራሞች ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ታዲያ የባሕር ውኃ ሲደርቅ እነዚህ ሁሉ በአንድነት አይረጉም፤ ተራ አላቸው። መጀመሪያ ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ተዋሕዶ ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ ጂፕሰም ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው ከመጀመሪያው መጠኑ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ተራው ጨው ይረጋል፤ ማግኒዚየሙ ግን በመጨረሻው መራራ ውኃ ውስጥ ይቀራል። አሞሌ ማለት እንግዲህ ከመካከለኛው ተራ የተቈረጠ ነው። በውኃ ቢበጠብጡት ሥጋ መዘፍዘፊያ ያገኛሉ እንጂ ባሕር አያገኙም። ካልሲየምና ማግኒዚየም የሌለበት ውኃ ኮራልን አያሳድግም፤ ዐረቦች መርጃን የሚሉት ያ ፍጡር ቤቱን የሚሠራው በካልሲየም ነውና። በየሱቁ የሚሸጠው አዮዲን የገባበት የገበታ ጨውም ቢሆን ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም።

ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመውን የባሕር ጨው ከውጭ ማስመጣት ግዴታ ነው። ዋጋው አይቀመስም፤ ይህን ልሸሽግዎ አልፈልግም። በትክክል መበጥበጡን ለማወቅ ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 1,000 ግራም ሲመዝን አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 1,025 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ደኅና ሚዛን ያለው የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ይህን በአምስት ደቂቃ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ጨዉ የሚበጠበጥበት ውኃስ? የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት። ክሎሪኑ እኛን ከበሽታ ይጠብቀናል፤ የዓሣን ስንጥብ ግን ያቃጥላል። በሰፊ ዕቃ ተደርጎ ሳይከደን አንድ ቀን ተኩል ቢያድርና አየር ቢነፋበት ተራው ክሎሪን በንኖ ይሄዳል። የዝናብ ውኃ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣራ ላይ የወረደ ከሆነ አይንኩት። ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ በውኃው ይገባል፤ ዚንክና መዳብ ደግሞ በጣም በጥቂቱ እንኳ ኮራልንና የባሕር ቀንድ አውጣን ይገድላሉ። ለታመመ ዓሣ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጠው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ መዳብ እንዳለበት ልብ ይበሉ፤ ዓሣውን አድኖ የቀረውን ሁሉ የሚጨርስ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ይኸውም ዓይን የማያየው ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በእንግዳ መቀበያው ክፍል ጨው በሌለበት ተራ ውኃ የተሞላ አኳሪየም ቆሟል፤ ስድስት ቀያይ ዓሦች ይዋኙበታል። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ አለቃው የጽዳት ሠራተኛውን ጠርተው «ይህንን ነገር እንደ መስተዋት አብራልኝ» አሉት። ሠራተኛው ታማኝ ሰው ነበርና ውኃውን እስከ ጠብታው ደፋ፤ ድንጋዮቹን በበረኪና ፈተገ፤ የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ሥር አሽቶ አጠበ፤ አዲስ ውኃ ሞላበት። እውነትም አበራ። እንግዶቹ መጡ፤ አደነቁ፤ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ በውኃው ፊት ላይ አፋቸውን ይከፋፍቱ ጀመር። ሳምንቱ ሳያልቅ ስድስቱም ሞቱ። «ውኃው እንዲህ ጠርቶ ሳለ ምን ነካቸው?» ተባለ፤ ጥፋቱም በሠራተኛው ላይ ተላከከ። በእኔ ፍርድ ግን ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የታዘዘውን ፈጽሟል።

ምን ሆነ? ዓሣ የበላውን ምግብ ሲያቃጥል አሞኒያ ይወጣዋል፤ ከዚህም አብዛኛውን የሚያወጣው በስንጥቡ በኩል ነው። ያልጸዳ የፈረስ ጋጣ ገብተው ያውቁ እንደሆነ አፍንጫዎን የወጋዎት ያው አሞኒያ ነው። በወንዝና በሐይቅ ውኃው ስለሚበዛ አሞኒያው ይበታተናል። በሣጥን ውስጥ ግን ዓሣው በገዛ እድፉ ይመረዛል። የሚያድነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በስፖንጁ ላይ የሚለጠፉ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህ ከሁለቱ በጣም የለዘበ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሕያዋን በ1890 ገደማ ለይቶ ያሳየው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ በበረኪና የፈተገው እድፍ መስሎት ነበር፤ የፈተገው ግን እነዚህን ሠራተኞች ነው።

እናቶቻችን ይህን ነገር ቪኖግራድስኪ ሳይወለድ ያውቁት ነበር ብል ማጋነን ይመስልብኛልን? ቡሓቃን እስኪያበራ በበረኪና የሚያጥብ ባለሙያ የለም። ከተጋገረው ሊጥ ላይ እርሾ ይቀመጣል፤ በእርሱም የነገው ሊጥ ይቦካል። እርሾ የሌላት ጎረቤቷን ትለምናለች። አዲስ አኳሪየም የሚጀምር ሰውም እንዲሁ ነው፤ ከቆየ ሣጥን ውስጥ ቁራሽ ስፖንጅ ወይም አንድ ሁለት ድንጋይ ቢያገኝ ሥራው በእጅጉ ይፈጥንለታል። ኮራል በማኖር ጥበብ ድንጋዩን ከነነፍሱ ከባሕር አምጥቶ በሣጥን ማኖር ትልቅ ቦታ አለው፤ ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው በዚህ ዘዴ መሥራቱን በ1961 ጽፎ ለዓለም አስታውቋል። የእርሱ መሣሪያ ሕያው ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና ጥቂት የአየር አረፋ ብቻ ነበር።

እርሾ የሌለበት ሣጥን ግን ባክቴሪያው እስኪረባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ይዘገያል። ይህን ሳይጠብቁ ዓሣ መጨመር ዓሣን መግደል ነው። በባሕር ውኃ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። አሞኒያ በሁለት መልክ በውኃ ውስጥ ይኖራል፤ አንዱ እምብዛም የማይጎዳ፣ ሌላው መርዛም ነው። የውኃው ፒ ኤች 7 ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት ከሺህ እጅ 6 እጅ ያህሉ ብቻ መርዛም ይሆናል። የባሕር ውኃ ፒ ኤች ግን 8.2 ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ መርዛሙ ክፍል ከአሥር ዕጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በተራ ውኃ የማይገድል የአሞኒያ መጠን በባሕር ውኃ ይገድላል። በጠብታ የሚሠራው መመርመሪያ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ መሆናቸውን እስኪያሳይ ድረስ ዓሣ አይግባ።

ጎንደር ሁለተኛ ችግር አላት፤ እርሱም ከፍታዋ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 78 እጅ ያህል ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨው ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል፤ ሙቀት ሲጨመር እንደገና ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ተራ ውኃ በባሕር ጠረፍ 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ የባሕር ውኃ 6.8 ያህል ብቻ ይይዛል። ያንኑ የባሕር ውኃ ወደ ጎንደር ቢያመጡት ወደ 5.3 ይወርዳል። የኮራሉ ዓሣ ጎንደር ቢመጣ እንግዲህ ራስ ዳሸን ላይ እንደ ወጣ የቆላ ሰው ነው የሚሆነው። መድኃኒቱ የውኃውን ፊት ሳያቋርጡ ማናወጥና ዓሣ ማሳነስ ነው። ጠረፍ ላይ አምስት ዓሣ የሚችል ሣጥን በእኛ አገር በአራት ቢወሰን እወዳለሁ።

ሙቀቱም አለ። ኮራል ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የጎንደር የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለጎንደሬ መንገር አያስፈልግም። በማሞቂያ ይረዱታል፤ ማሞቂያው ደግሞ በመብራት ነው፤ መብራቱም ይጠፋል። መብራት በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክሲጅን ነውና በጆግ ውኃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆርቁሩ፤ በየሩብ ሰዓቱ ጥቂት ጊዜ ቢደጋግሙት ብዙ ይረዳል። ሣጥኑን በጋቢ ይጠቅልሉት። ምግብ አይስጡ። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ማጣሪያ ከሆነ ለብዙ ሰዓት ቆሞ መብራት ሲመጣ እንዲያው አያስነሡት፤ ባክቴሪያው በውስጡ ታፍኖ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ያን የገማ ውኃ ወደ ሣጥኑ ይተፋዋል። ስፖንጁን አውጥተው ከሣጥኑ በተቀዳ ውኃ ያለቅልቁት እንጂ በቧንቧ አይጠቡት፤ የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ ያስታውሱ።

ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ተማሪ ያለበት መጽሔት ነውና አይከፋም። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 72 ሊትር ይይዛል። ድንጋዩና ከአፉ የሚቀረው ሥፍራ ሲነሣለት 60 ሊትር ውኃ ይኖረዋል እንበል። በሊትር 35 ግራም ቢታሰብ በጠቅላላው 2,100 ግራም ጨው አለበት። የበጋው ደረቅ አየር ከዚህ ላይ 6 ሊትር ቢወስድ፣ የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨዉ አይበንም። 2,100 ግራሙ በ54 ሊትር ውስጥ ሲቀር በሊትር 38.9 ግራም ይሆናል። ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ የሚተኩት ጨው በሌለበት ውኃ ነው። የባሕር ዓሣ ነው ብሎ በጨው ውኃ የሚተካ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በሳሎኑ ትንሽ ደናክል ይሠራል።

ሁለተኛው ሒሳብ የናይትሬት ነው። ባክቴሪያው ናይትሬት ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ናይትሬቱም ይከማቻል። በየሳምንቱ ጥቂት ውኃ አውጥቶ በአዲስ የባሕር ውኃ መለወጥ ልማድ ነው፤ ግን ምን ያህል? ዓሦቹ በሳምንት በሊትር 5 ሚሊግራም ናይትሬት ቢጨምሩና እርስዎ በየሳምንቱ ከአሥር አንድ እጅ ቢለውጡ፣ ናይትሬቱ እያደገ ሄዶ በ45ና በ50 ሚሊግራም መካከል ይረጋል። ከአምስት አንድ እጅ ቢለውጡ ግን በ20ና በ25 መካከል ይረጋል። (ከመለወጡ በኋላ ያለውን መጠን «ሀ» ይበሉትና፣ ሀ = 0.9 × (ሀ + 5) ብለው ያስሉት።) ኮራል ከ10 በታች ሲሆን ይወድዳል። ውኃ በመለወጥ ብቻ እዚያ ለመድረስ ከሦስት አንድ እጅ ገደማ በየሳምንቱ መድፋት ሊያስፈልግ ነው፤ በዚህ የጨው ዋጋ የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ አይችለውም። የቀረው መንገድ ጥቂት ዓሣ ማኖርና ጥቂት መመገብ ነው። ብዙ ሰው ዓሣ የሚገድለው በረኀብ አይደለም፤ በጥጋብ ነው።

ትንሽ ሣጥን ይቀልላል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው። ተቃራኒው ነው። በ60 ሊትር ውስጥ የሞተ አንድ ዓሣ ሌሊቱን ሁሉንም ሊያስከትል ይችላል፤ በ400 ሊትር ውስጥ ግን ጠዋት ደርሰው ያወጡታል።

አሁን ስለ ኮራሉ አጥንት። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ድንጋዩ ከውኃው በቀዳው ካልሲየምና ካርቦኔት የሚሠራው ቤቱ ነው። ከአንድ ግራም አጥንት 0.4 ግራም ያህሉ ካልሲየም ነው። በባሕር ውኃ ደረጃ በሊትር 420 ሚሊግራም ቢኖር፣ በ60 ሊትር ሣጥናችን ያለው ካልሲየም 25 ግራም ያህል ብቻ ነው። ኮራሎቹ በወር ውስጥ 10 ግራም አጥንት ቢጨምሩ 4 ግራሙ ይሄዳል፤ መጠኑም ወደ 353 ይወርዳል። ዓሣን የሚያኖር ሰው የሚጨነቀው ስለሚከማቸው ነገር ነው፤ ኮራልን የሚያኖር ሰው ግን ስለሚጎድለውም ይጨነቃል።

የሚጎድለውን ከሚተኩበት መንገድ አንዱ ጎንደሬን ሊያስደስት የሚገባው ነው፤ የኖራ ውኃ ነው። ንጹሕ ኖራ በውኃ ተበጥብጦ፣ ሲጠልል ጥሩው ከላይ ተቀድቶ፣ በሌሊት ጠብ ጠብ እያለ በሚተነው ውኃ ምትክ ይጨመራል። ካልሲየሙንም ይተካል፤ ሌሊት የሚወርደውንም ፒ ኤች ይደግፋል። ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል ግንባቸውን ሲያሠሩ ድንጋዩን ከድንጋይ ያጣበቁት በኖራ ነው። ኖራው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ እንደገና ካልሲየም ካርቦኔት ሆነ፤ ማለት በኬሚስትሪ ቋንቋ ሲናገሩ፣ ከኮራሉ አጥንት ጋር አንድ ነገር ሆነ። የፋሲል ግንብና የቀይ ባሕር ኮራል በአንድ ሙጫ ቆመዋል ቢባል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የግድግዳ ኖራ አምጥተው በሣጥን እንዳይጨምሩ አደራ፤ ባዕድ ነገር አለበት። ንጹሑም ቢሆን በአንድ ጊዜ ቢፈስስ የውኃውን ፒ ኤች አንሮ በአንድ ሰዓት ሁሉንም ይጨርሳል።

ከፋሲል ግንብ ከተነሣን ዘንድ ወደ ፋሲል መዋኛም እንለፍ፤ እርሱም በራሱ መንገድ የውኃ ሣጥን ነውና። ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሳበ ለጥምቀት ይሞላል፤ ጥር 11 ቀን ማለዳ ይባረካል፤ ወጣቱ ዘልሎ ይገባበታል፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይለቀቃል፤ አብዛኛውን ዓመት ባዶውን ይኖራል። የአኳሪየም ሰው ሆኜ ስመለከተው ማጣሪያ የሌለው ይህ ገንዳ ለዘመናት የቆየበት ምክንያት ይገባኛል፤ ውኃው አይቆይበትም። ያን ያህል ውኃ በክረምት በበጋ ፀሐይ ላይ ቢቆም ኖሮ በጥቂት ሳምንት አረንጓዴ ይሆን ነበር። መቶ በመቶ ውኃ መለወጥ ነዋሪ በሌለበት ሥፍራ ፍጹም ዘዴ ነው። ነዋሪ ካለ ግን አይሆንም።

ነዋሪ ያለበት ትልቁ ሣጥናችን ደግሞ ጣና ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት አለው፤ ነገር ግን ከጥልቁ ሥፍራው 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚወርደው። ስፋቱን አይተው አይታለሉ፤ እንደ ትሪ ነው። በውስጡ ቆረሶውና አምባዛው ብቻ ሳይሆኑ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ ትልልቅ የባርበስ ወገኖች ይኖራሉ። ጎንደር ላይ የምናጥበው፣ የምንደፋው፣ የምናፈስሰው ሁሉ በቀሃና በአንገረብ አድርጎ መገጭ ይገባል፤ መገጭም የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና ይፈስሳል። የእርሻው ማዳበሪያና የታጠበው አፈር ከዚያው ጋር ይሄዳል። በሣጥኔ ውስጥ በጠብታ የምለካቸው ናይትሬትና ፎስፌት እነዚሁ ናቸው፤ የአልጌ ምግብ፣ ማለት በወንዝ ድንጋይ ላይ የሚያሙለጨልጨን የዚያ አረንጓዴ ነገር ምግብ ናቸው። በሣጥን ውስጥ ሲበዙ መስታወቱ ይለብሳል። በጣና ላይ ግን እምቦጭ አገኛቸው።

እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። ሐምራዊ አበባው ስላማረ ሰዎች ለኩሬ ጌጥ እያሉ በዓለም ዙሪያ አዞሩት። በአገራችን በቆቃና በአዋሽ መታየቱ የተመዘገበው በ1965 ነው፤ በጣና ላይ የታወቀው በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ዕጥፍ ይሆናል። ይህ የሚገባዎ እንደሆነ ያስሉት፤ አንድ መደብ ዛሬ ቢኖር በሃያ ሳምንት ሺህ መደብ ይሆናል። በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ ጠረፍ ገበሬው እስከ ወገቡ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ያየ ሰው ስለ ውኃ ጥራት በላቦራቶሪ ቋንቋ ብቻ መናገር ይከብደዋል። ከምንጣፉ ሥር ብርሃን አይገባም፤ ኦክሲጅን ያልቃል፤ ዓሣው ይሸሻል፤ ጀልባው አያልፍም፤ ከብቱ ውኃ አጥቶ ይመለሳል።

ከአኳሪየም ያመለጠ ተክል የባሕርንም ወለል ወርሮ ያውቃል። በ1984 ከሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ሥር በባሕሩ ውስጥ ኮለርፓ የሚባል አረንጓዴ አልጌ ታየ፤ ለአኳሪየም ጌጥ ይደረግ የነበረ ነው። በኋላ በሜዲትራኒያን ጠረፍ ብዙ ሥፍራ ተስፋፋ። ስለዚህ የሰለቸዎትን ዓሣ፣ የበዛብዎትን ተክል፣ ወይም የሣጥንዎን ጠጠር «ነፍስ ነው፤ ይኑር» ብለው ወደ ቀሃ ወይም ወደ አንገረብ እንዳይለቁ። ለሚያኖረው ሰው ይስጡት። የተለወጠውንም የጨው ውኃ በአትክልት ሥር ወይም በጅረት አይድፉት፤ በመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ይግባ።

ኮራሉን ስለ መግዛት አንድ ቃል ልጨምር። ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱ በ2024 ሚያዝያ ተነግሯል፤ ከ2023 ጀምሮ የባሕሩ ሙቀት ከልክ ስላለፈ በብዙ አገር ኮራሉ ቀለሙን ጥሎ ነጥቷል። በዚህ ጊዜ ከባሕር ተሰብሮ የመጣ ኮራል በገንዘቤ ገዝቼ በሳሎኔ ላስቀምጥ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። በሣጥን ውስጥ ካደገ ኮራል የተቈረጠ ቁራጭ አለ፤ እንደ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ተቈርጦ ይተከላል፤ ያድጋል። ድንጋያማ ኮራል ድንበር ሲያልፍ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑንም ይወቁ።

ያም ሆነ ይህ ከኮራል አይጀምሩ። መጀመሪያ ተራ ውኃ በሞላበት ሣጥን አንድ ዓመት ይማሩ፤ ያለ ጨው ወጪ አሞኒያንና ናይትራይትን መከተል ይለምዳሉ። ውኃውን ሞልተው፣ ማጣሪያውን አስነሥተው፣ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ለማንም ሳይሆን ለባክቴሪያው ይጣሉ። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ በጠብታው እየለኩ በደብተር ይጻፉ። መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣና ይወርዳል፤ ቀጥሎ ናይትራይቱ ይወጣና ይወርዳል፤ መጨረሻ ናይትሬት ብቻውን ይቀራል። እንደ ወንድ ልጅ ክርስትና አርባ ቀን ያህል ይፈጃል። በሁለት ተከታታይ ልክ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑልዎ አንድ ዓሣ ብቻ ያስገቡ፤ ሁለተኛውን ለሚመጣው ወር ያቆዩት።